አምስተኛው ጥርስ

ሰኞ ሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጥርስ ቤቱ ውስጥ ሥራ የሚባል ነገር የለም። ጀሶው ተበጥብጦ ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ከፈሰሰ በኋላ እስኪደርቅ አንድ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ቶሎ በል ቢሉት አይሰማም። ቸኩለው የነኩት እንደሆነ ይሰነጠቅና የሰውዬው ድድ የሌላ ሰው ድድ ሆኖ ቁጭ ይላል። ስለዚህ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠሩት ሦስቱ ባልደረቦች ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው፣ ሻያቸውን ቀድተው፣ ቅዳሜና እሁድ ያዩትን ፊልም ማማት ይጀምራሉ።

ማማት ነው እንጂ ማውራት አይባልም፤ በተለይ የቤቱ አንጋፋ ባለበት። ሊቀ ጥርስ ይሉታል። ስሙን ያወጣችለት ወልዋይዋ ናት፤ ያለቀለትን ጥርስ ወልውላ የምታስረክበው እሷ ስለሆነች ምንም ጥርስ እሷ እጅ ሳይገባ ከዚያ ቤት አይወጣም። ሊቀ ጥርስ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ሰም ሲቀርጽ የኖረ ሰው ነው፤ ፊልም ሲያይም ዓይኑን ከተዋናዩ አፍ ላይ አይነቅልም። ባለፈው ወር ስለ አንድ የድሮ ንጉሥ የተሠራ ፊልም አይቶ መጥቶ የተናገረውን ጎረቤት ሁሉ ሰምቶታል።

«ከስምንት መቶ ዓመት በፊት የኖረ ንጉሥ! ጦር ሜዳ ውሎ ጦር ሜዳ ያደረ! አፉን ሲከፍት ሠላሳ ሁለቱም ነጭ በነጭ! ማን ሠራለት? እኔ ነኝ የሠራሁለት?»

ለዚያ ፊልም አንድ ጥርስ ሰጠ። የቤቱ ሚዛን እንዲህ ነው፦ መደርደሪያው ላይ ቀለማቸው ያልገጠመና የተጣሉ ጥርሶች የሞሉበት የመስታወት ማሰሮ አለ። አስተያየት ሰጪው ከዚያ እየቆነጠረ ከአምስት ይደረድራል። አምስት የሰጠ እስከዛሬ የለም። ከማሰሮው ሌላ አንድ ጥብቅ ሕግ አለ፤ እስከ መጨረሻው ላላየው ፊልም አስተያየት የሰጠ ሰው ሳምንቱን ሙሉ የሻይ ብርጭቆ ያጥባል። ሕጉን ያወጣው ራሱ ሊቀ ጥርስ ነው።

የዛሬው ሰኞ ግን እንደ ሌላው ሰኞ አልነበረም። ሊቀ ጥርስ ከጠዋት ጀምሮ ስልኩን ከኪሱ እያወጣ ሰዓት ያያል። በአሥር ሰዓት ልጁ ትደውላለች።

ይቺ ልጅ አጠገቡ ተቀምጣ ሁለት ዓመት ሠርታለች። እጇ ሰም ያውቃል፤ ወንበሬን የምትወርስ እሷ ናት እያለ ደረቱን ነፍቶ ይናገር ነበር። የሙያውንም ምስጢር ያስተማራት እሱ ነው። «ሰው ሲስቅ በሚያሳይሽ ጥርስ አትታለዪ» ይላት ነበር። «ፎቶ ሲነሣም አትታለዪ። ምንም ሳያደርግ፣ ማንም አያየኝም ብሎ ሲቀመጥ እዪው። ያኔ ነው አፉ የራሱ የሚሆነው።» ከሦስት ዓመት በፊት ታዲያ አንድ ቀን መጣችና «አባዬ፣ ጌም ከሚሠሩ ሰዎች ጋር ልሠራ ነው» አለችው። የቪዲዮ ጌም! እሱም ሰው ፊት፣ አፉ እንዳመጣለት፣ «ጨዋታ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሥራ የሆነው? ሥራ ስታገኚ ትነግሪኛለሽ» አላት። ልጅቷ ካፖርቷን ከመስቀያው አውርዳ ወጣች።

እንዲያው ሆድና ጀርባ አልሆኑም፤ ትደውላለች። ደህና ነህ? ደህና ነኝ። በላህ? በላሁ። በቃ። እሱ ያን ቃል በተናገረበት ዕለት ማታውኑ ተጸጽቷል፤ ግን «ተሳስቻለሁ» የምትለዋ ቃል ጉሮሮው ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰክታ ሦስት ዓመት ከረመች።

ሐሙስ ዕለት አንድ ካርቶን ላከችለትና ደወለች። «አባዬ፣ ጨረስነው። እኔም ሠርቼበታለሁ። ሰኞ በአሥር ሰዓት እደውላለሁ፤ እንደ ፊልሞቹ እውነቱን ትነግረኛለህ። ካላማረህ አላማረኝም በለኝ፣ አልቀየምህም። ግን ከዚያ ወዲያ ስለ ሥራዬ ሁለተኛ አናነሣም።» ድምፅዋ ጸጥ ያለ ነበር።

«እሺ፣ እኔ ልጀምር» አለች ወልዋይዋ ብርጭቆዋን አስቀምጣ። «የፍቅር ፊልም ነው። ሦስት ጊዜ ዝናብ ዘነበ፤ ሦስቱንም ጊዜ ተሳሳሙ። እኔ የምለው፣ በፀሐይ መሳሳም ተከልክሏል እንዴ? ጉንፋን አይፈሩም? ግን ምን ዋጋ አለው፣ አልቅሻለሁ።» ሦስት ጥርስ ደረደረች።

ቀጣዩ ጀሶ ነበር። ጀሶውን የሚበጠብጠው እሱ ስለሆነና ከቅንድቡ ላይ ነጭ ዱቄት ጠፍቶ ስለማያውቅ ጀሶ ተባለ፤ የሁለት ልጆች አባት ነው። «የእኔው የመኪና ማባረር ነው። መኪናው ሰባት ጊዜ ተገለባበጠ፤ ሰውዬው ወጣና ፀጉሩን አስተካከለ። ፀጉሩን! እኔ ከአልጋ ስነሣ እንኳ ወገቤን ይዤ ነው።» ማሰሮውን በርብሮ ሁለት ደህና ጥርስና አንድ የተሰበረች አወጣ። «ሁለት ተኩል።»

ሊቀ ጥርስ ተራው ሲደርስ ጉሮሮውን ጠራረገና አንድ በአንድ አራት ጥርስ ደረደረ። ሁለቱ አፋቸውን ያዙ። ያ ሰው ከሦስት በላይ ሲሰጥ ታይቶ አይታወቅም።

«የልጄ ነው» አለ። «ግን ለልጄ ብዬ አይደለም፤ እውነቴን ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ጎረቤቴ ቴሌቪዥን ጠጋኙ መጥቶ ገጣጠመልኝ፤ አንድ ነገር ተጫነና ‹በቃ ጀምሯል› ብሎኝ ሄደ። ሐይቅ አለ። ጀልባ ታስሯል። አንድ ባርኔጣ ያደረገ ዓሣ አጥማጅ ዳር ላይ ቆሟል። ይቆማል። ይተነፍሳል። ወደ ውሃው ያያል። ትንሽ ቆይቶ ጉልበቱን ያሳርፋል፤ ደግሞ ጣቶቹን በአውራ ጣቱ ያሻሻል። ይቺን ነገር የት እንዳየኋት ጠፋኝ እንጂ አውቃታለሁ።»

«ከዚያስ?» አለች ወልዋይዋ።

«ከዚያማ ይቆማል።»

«ማን መጣ?»

«ማንም አልመጣም። ጥልቀቱ እሱ ላይ ነው እኮ! አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ያን ጀልባ አልፈታውም። እኔ እንኳ ፍታው፣ ፍታው ስል ነበር። ፀሐይ ጠለቀች፣ አለቀ፣ አጠፋሁት። አምስት ያልሰጠሁት ሰውዬው አፉን ከፍቶ ጥርሱን ስላላሳየኝ ነው።»

ጀሶ ፊቱ እየቀላ መጣ። «ጋሼ» አለ ሳቁን እየታገለ፣ «ካርቶኑ ውስጥ በሁለት እጅ የሚያዝ፣ ቁልፍ ቁልፍ ያለው ነገር አልነበረም?»

«ሪሞቱን ነው? ነበረ። ሪሞት አለኝ ብዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።»

ጉድ ፈላ! ጀሶ ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረው፤ ወልዋይዋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «ጋሼ ይሙቱ፣ እሱ ጆይስቲክ ነው!» አለ ጀሶ። «ሰውዬውን የሚያንቀሳቅሱት እርስዎ ነዎት! ጀልባውን የሚፈታው፣ የሚቀዝፈው፣ ዓሣ የሚያጠምደው በእርስዎ ጣት ነው! ምስኪን፣ እሱ እኮ እርስዎን ሲጠብቅ ነው ያመሸው!»

ሊቀ ጥርስ መጀመሪያ አብሯቸው ሳቀ። በኋላ ግን ነገሩ ገባውና ክው አለ። ሰዓቱን አየ። ዘጠኝ ከሃያ አምስት።

«ስለዚህ ልጄ የሠራችውን አላየሁትም ማለት ነው» አለ። ሳቁ ቆመ። «ሦስት ዓመት ሙሉ የደከመችበትን በር ላይ ቆሜ ተመለስኩ። አሁን ምን ልበላት? ብርጭቆውን እኔ አጥባለሁ፣ እሱስ ግድ የለም። እሷን ምን ልበላት?»

ጀሶ ማታ ማታ ከልጆቹ ጋር ስለሚጫወት መላ አላጣም። «ይስሙኝ፣ እኔ አስጠናዎታለሁ። ሐይቅ ካለ ደሴት አለ። ‹ሁለተኛው ደሴት ላይ አስቸገረኝ› ይበሉ። ሁሉም ጌም ሁለተኛው ላይ ያስቸግራል። ‹ሙዚቃው ደስ ይላል› ይበሉ። ‹ትልቁ ዓሣ አመለጠኝ› ይበሉ። ትልቅ ዓሣ የሌለው ሐይቅ የለም።»

«ሁለተኛው ደሴት... ሙዚቃው... ትልቁ ዓሣ...» ሊቀ ጥርስ እንደ ተማሪ ደጋገመ።

«ተወው» አለች ወልዋይዋ። «ውሸትህን ገና ‹ሃሎ› ስትል ታውቅብሃለች። እውነቱን ካልነገርካት ደግሞ ያ የተሰካብህ አጥንት እዚያው ይቀራል።» ለእሷ ስለ አጥንቱ ነግሯት አያውቅም። ሦስት ዓመት ሙሉ ግን አይታዋለች።

በአሥር ሰዓት ዝንፍ ሳይል ስልኩ ጮኸ። ሊቀ ጥርስ ተነሣ፣ ተቀመጠ፣ አነሣው።

«አባዬ፣ አየኸው?»

«አየሁት፣ የኔ ልጅ። ሁለተኛው...» አለና ቆመ። ጀሶ «ደሴት» እያለ በከንፈሩ ይነግረዋል። ሊቀ ጥርስ ዓይኑን ከእሱ ላይ አነሣ። «አላየሁትም። ማለቴ፣ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ አየሁ። ግን ሪሞቱን፣ ያን ጆይ ምናምን የምትሉትን መሳቢያ ውስጥ ከትቼው ነበር። ፊልም መስሎኝ ቁጭ ብዬ ሰውዬው ሲቆም አየሁ። አሁን ነው የነገሩኝ። አፈርኩ፣ ልጄ።»

ሊቀ ጥርስ ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮው አዛወረ።

«ምንም ሳትነካ?» አለች ልጅቷ። «አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ?»

«ምንም።»

«ሰውዬው ምን ሲያደርግ አየህ? ያየኸውን ሁሉ ንገረኝ።»

«ምን ያደርጋል፣ ይተነፍሳል። አራት ጊዜ ተንፍሶ በአምስተኛው ግራ ትከሻው ዝቅ ይላል፤ የቀዘፋ ትከሻ ነው። ቀኝ ጉልበቱን ያሳርፋል። ምላሱን በጉንጩ ውስጥ ያዞራል፤ የኋላ ጥርሱ የጎደለ ሰው እንደሚያደርገው። ደግሞ ጣቶቹን እንዲህ...» ወልዋይዋ በአገጯ ወደ እጁ ጠቆመችው። ሊቀ ጥርስ ዝቅ ብሎ አየ። የግራ እጁ አውራ ጣት፣ ሠላሳ አራት ዓመት እንዳደረገው፣ ሁለቱን ጣቶች እያሻሸ የደረቀ ጀሶ ያራግፋል።

«አንቺ ልጅ» አለ ድምፁ ተሰብሮ፣ «ዓሣ አጥማጅ ጣቱ ላይ ጀሶ ምን ይሠራል?»

ልጅቷ ሳቀች፤ ሳቁ ውስጥ ግን እንባ አለ። «የእኔ ሥራ እሱ ብቻ ነው፣ አባዬ። ደሴቶቹንም፣ ዓሣዎቹንም፣ ሙዚቃውንም ሌሎች ናቸው የሠሩት። እኔ የሠራሁት ሰውዬው ምንም ሳያደርግ ሲቆም ነው። ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ተጫዋቹ አንድ ቁልፍ ሲነካ ሥራዬ ይጠፋል፤ ሁለት ሰከንድ እንኳ የሚያየው የለም። አብረውኝ የሚሠሩት ‹ለማን ብለሽ ነው?› ይሉኛል። ምንም ሳያደርግ ሲቀመጥ እዪው ብሎ ያስተማረኝ አንድ ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ ጌም አይወድም።»

ሊቀ ጥርስ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። አጥንቷ ወጣች። «ያን ቀን ተሳስቻለሁ» አላት። «ሰው ፊት ነው የተናገርኩሽ፤ አሁንም ሰው ፊት ነው የምነግርሽ። ተሳስቻለሁ። ሦስት ዓመት ይህን ማለት አቅቶኝ ነው እንጂ ከዚያው ማታ ጀምሮ አውቀዋለሁ። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ አላየሁም። ደስ ብሎኛል። ኮርቼብሻለሁ።»

«እሺ አባዬ» አለች። «ስንት ጥርስ ሰጠኸው?»

«አራት።»

«አራት?! ይኼን ሁሉ ብለህ?»

«አምስተኛዋንማ እንዴት ልስጥ? ጥርሱን አላሳየኝም! አፉን አንድ ጊዜ እንኳ አልከፈተም። ሰው ያን ያህል ቆሞ አያዛጋም?»

«አንተ ታየዋለህ ብዬ ፈርቼ ነው» አለች ልጅቷ። «ሲያዛጋ ሠርቼው ነበር። ጥርሱ አላምር ሲለኝ አወጣሁት። እስከ ወር መጨረሻ ማስተካከል ይቻላል፤ ግን ብቻዬን አልደፍረውም።»

ሊቀ ጥርስ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሀል አጣብቆ መሳቢያውን ሳበ፤ አዲስ የማዘዣ ወረቀት አወጣ፤ እርሳሱን በምላሱ አረጠበ።

«ዕድሜው ስንት ነው?»

«ስልሳ አንድ።»

«የእኔ እኩያ ነው» ብሎ ጻፈ። «ያጨሳል?»

«ድሮ ያጨስ ነበር። ልጁ አስተወችው።»

«ጎበዝ ልጅ ናት። ከኋላ ስንት ጎድሎታል?»

«ሁለት። በግራ በኩል።»

ይህን ጊዜ ጀሶ የቅርጽ ማውጫውን ጎን በጣቱ መታ መታ አደረገና «ጋሼ፣ ደርቋል እኮ! ዕረፍት አለቀ!» ሲል ተጣራ።

«ዝም በል!» አለው ሊቀ ጥርስ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳይነቅል። «ሥራ ላይ ነኝ።»

ስልኩ ውስጥ ልጅቷ ትንፋሿ ቆረጥ ሲል ተሰማው። እሱ ግን ወደሚቀጥለው መስመር አለፈና የላይኛውን ወይስ የታችኛውን እንደምታስቀድም ጠየቃት።