ከልብሱ ጋር የገባው

«እኔ እንጃ፤ ሳንባ ያለ ሲጋራ እንዲህ አይሆንም። ተደብቃ ታጨስ ነበር ማለት ነው» አለች ጎረቤቲቱ የሻይ ብርጭቆ እያቀበለች።

«ኧረ ቀስ በይ፣ ባልየው ይሰማሻል!» አለች አጠገቧ የተቀመጠችው።

ባልየው ሰምቷል። ጥግ ካለው ወንበር ቀና አላለም፤ ሻዩ እጁ ላይ እየቀዘቀዘ ነው። ሚስቱ ከተቀበረች ወዲህ ይህ ወሬ ከክፍል ክፍል ሲዞር እየሰማ ዝም ብሏል። ወሬውን ለመግደል አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ቃሉ ግን እሱኑ የሚከስ ሆነበት።

በጉልምስናው የፋብሪካውን የእንፋሎት ቧንቧዎች አስቤስቶስ በሚባል ሙቀት ከላካይ ቃጫ ይሸፍን ነበር። ማታ ማታ ብናኝ ለብሶ ሲገባ በር ላይ ትጠብቀዋለች።

«መጣልኝ የኔ ዱቄት! ቁም እዚያው፣ ቤቴን እንዳታበላሽ!»

እየሳቀች ቱታውን ታስወልቀዋለች፤ ደጅ ላይ አራግፋ ትዘፈዝፈዋለች። ፋብሪካው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነበረው። እሱ ግን «የሚስቴን እጅ የሚያህል የለም» እያለ በጓደኞቹ ላይ ይኩራራ ነበር።

አምና ሐኪሙ «እዚያ ፋብሪካ ሠርተሽ ታውቂያለሽ?» ብሎ ጠየቃት።

«እኔ? ልብሱን ከማጠብ በቀር ምን አውቄ!»

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። የአስቤስቶስ ብናኝ የሳንባ ሽፋን ውስጥ ገብቶ ለብዙ ዓመታት እንደሚያደፍጥ፣ የሚያመጣው ካንሰርም ብዙ ሰው የማይይዝ፣ ሜሶቴሊዮማ የሚባል እንደሆነ ነገራቸው። ሲመለሱ እጁን ይዛ፣ «ለሰው እንዳትነግር፤ ሚስቱን ገደለ ይሉሃል» አለችው።

ሞታም ጥፋቱን የምትሸፍንለት እሷ ናት።

በሩ ተከፈተ። የፋብሪካው ወጣት ቧንቧ ሠራተኛ ከነሚስቱ ገባ።

«ጋሼ፣ እግዜር ያጥናዎት። ያን እርስዎ የሸፈኑትን የድሮ ቧንቧ ስናፈርስ ውዬ በቀጥታ መምጣቴ ነው፣ ይቅርታ።»

ትከሻው በብናኝ ነጭ ሆኗል። ሚስቱ «ለቅሶ ቤት እንዲህ ሆኖ ይገባል? አታፍርም?» ብላ ልታራግፍለት እጇን ዘረጋች።

ሐዘንተኛው ብርጭቆውን ጥሎ ተነሣ፤ እጇን አየር ላይ ያዘው።

«አትንኪው ልጄ!»

ወደ ለቀስተኞቹ ዞረ።

«እሷ ሲጋራ ባፏ ዞሮ አያውቅም። እኔ ነኝ ከልብሴ ጋር ይዤላት የገባሁት። ማጠቢያ እያለ፣ እኔ...»



«አፌን ቁርጥ ያድርገው» አለች ጎረቤቲቱ።

እሱ አልሰማትም። የልጅቱን መዳፍ ገልብጦ አየው። ንጹሕ ነበር። እሱ ግን በሸሚዙ ጫፍ፣ ቀስ ብሎ፣ ጣት በጣት ይጠርገው ጀመር።