የመረጃ ሰጪ ቁጥር ሦስት ፊርማ

አክስቲቱ ሳታነብ አትፈርምም። በአርባ ዓመቷ የማታ ትምህርት ቤት ገብታ ፊደል ከቆጠረች ወዲህ፣ የመድኃኒት ማሸጊያ እንኳን ከላይ እስከ ታች ሳታነብ አትጥልም። ይህን ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። አሳድጋ ለወግ ያበቃቻት የእህቷ ልጅ ግን ረሳችው። ወይም እንዳልሰማች ሆነች።

ልጅቷ ከሰዓት በኋላ ፊቷ በርቶ መጣች። ኮሌጅ ታሪክ ታጠናለች፤ ዘንድሮ ተመራቂ ናት።

«አክስቴ፣ አሸነፍኩ» አለች፣ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ።

የትምህርት ክፍሉ የዓመቱን ምርጥ የታሪክ ጥናት ሽልማት ለእሷ ሰጥቷታል። ሽልማቱ ደግሞ እንዲሁ ጭብጨባ ብቻ አይደለም። የሁለት ዓመት ነፃ የትምህርት ዕድል አለው፤ ክረምቱን ቤተ መዛግብት ገብቶ የመለማመድ ዕድልም አለው። አክስቲቱ ሠላሳ አንድ ዓመት የሆስፒታል አንሶላ ያጠበችው ለዚህች ቀን ነበርና አቅፋ ሳመቻት።

«አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል። ቃለ መጠይቅ ያደረግኩላቸው ሰዎች ይህን የስምምነት ቅጽ መፈረም አለባቸው። ሌሎቹ ፈርመዋል። የአንቺ ነገ ከስድስት ሰዓት በፊት ካልገባ ሽልማቱ ለሁለተኛው ይተላለፋል። እዚህ ጋ ነው።»

«ጽሑፉስ?»

«የቱ ጽሑፍ?»

«የምፈርምበት ነዋ።»

«ረጅም ነው፣ ይሰለችሻል።»

«ጡረተኛ ነኝ እኮ፤ የት ልሄድ ብዬ ነው የሚሰለቸኝ» አለችና መነጽሯን ከመሳቢያ አወጣች።

ጥናቱ ስለ ሆስፒታሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነበር። ያኔ ሃያ ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ በደም የራሰ አንሶላ በባዶ እጃቸው ይለያሉ። በአንሶላው ውስጥ መርፌ ተጠቅልሎ ይመጣል። የአክስቲቱን ሌባ ጣት የወጋው መርፌ መግል አስይዟት ጣቷ እስከዛሬ አይታጠፍም። ጓንት ስጡን ብለው ለመኑ፤ የሰማቸው የለም። አንድ ጠዋት ሳቂታ የሚሏት ጓደኛዋ የአንሶላው ክምር ላይ ቁጭ አለችና «ጓንት ካልመጣ አልነሳም» አለች። ሁሉም አጠገቧ ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን ቀዶ ጥገና ክፍሉ አንሶላ አለቀበት፤ በአራተኛው ጓንት መጣ። በዚያው ቀን ሳቂታን ዘበኞች ክንዷን ይዘው ከበር አስወጧት። እንድትባረር ያዘዘችው ዋና ነርስ ከመስኮት ሆና ታያለች። ከዚያ ወዲያ ሥራ የሚሰጣት አጣች፤ እስክትሞት ድረስም ስትስቅ ያያት ሰው የለም።

አክስቲቱ ይህን ሁሉ ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ፣ እያለቀሰች፣ በልጅቷ ስልክ አስቀድታለች። አሁን በማይታጠፈው ጣቷ መስመሩን እየተከተለች ማንበብ ጀመረች።

«መረጃ ሰጪ ቁጥር ሦስት። ይቺ ማናት?»

«አንቺ ነሽ። ስም አይጻፍም፤ ደንቡ ነው።»

«ይሁን። ቁጥር ልሁን።»

ዘጠነኛው ገጽ ላይ ጣቷ ቆመ። እንዲህ ይላል፦ ለሠራተኞቹ ጓንት የተፈቀደው በዋና ነርሷ አርቆ አሳቢነት ነው። ቅስቀሳ ያካሄደችው ሠራተኛ በራሷ ፈቃድ ሥራ ለቃለች። የመረጃ ሰጪ ቁጥር ሦስት ትውስታ ከሰነዱ ጋር ስለማይጣጣም በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል።

ደሟ ፈላ። ሁለት ጊዜ ደግማ አነበበችው፤ አልተለወጠም።

«በራሷ ፈቃድ» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ልጅቷ ይህን ድምፅ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ከጩኸት ይብሳል።

«አክስቴ፣ አማካሪዬ ነው። በቃል የተነገረ ብቻ ከሆነ ዳኞቹ አይቀበሉሽም አለኝ። የዋና ነርሷ ደብዳቤ ፋይል ውስጥ አለ። ቀን አለው፣ ፊርማ አለው፣ ማህተም አለው።»

«ያባረረቻት ሴትዮ የጻፈችው ደብዳቤ።»

«ሌላ ሰነድ የለማ። ሳቂታ የጻፈችው ነገር አለ?»

«ሳቂታ መጻፍ አትችልም ነበር።»

«እኔ ምን ላድርግ ታዲያ? ዋሸሽ አላልኩም እኮ። በጥንቃቄ ይታይ ነው ያልኩት።»

አክስቲቱ ጣቷን ልጅቷ ዓይን ሥር ቀጥ አድርጋ ያዘች። «ይህንንም በጥንቃቄ እይው። ዳቦ ሲገዛልሽ፣ ደብተር ሲገዛልሽ በዚህ ነው። አርቆ አሳቢዋ መርፌ ወግቷት ያውቃል?»

አክስቲቱ ወረቀቱን ቀድዳ የልጅቷ ፊት ላይ ብትበትነው በወደደች። በልጅቷ ተናደደች፤ ይህን አስተምረው በላኩላት ሰዎች ተናደደች፤ ከሁሉ በላይ በራሷ ተናደደች፣ ያን ቀን በር ድረስ ተከትላ ስላልጮኸች። ከዚያ እጇን ዘረጋች።

«እስክሪብቶ አምጪ።»

ልጅቷ እፎይ ብላ ሰጠቻት። አክስቲቱ ቅጹ ላይ ፊርማዋን በዝግታ አኖረች። ልጅቷ ልትቀበላት ስትል ግን ወረቀቱን ገለበጠችና በባዶው ጀርባ መጻፍ ጀመረች። ፊደሏ ትልልቅ ነው፤ አንድ መስመር ለመጨረስ ደቂቃ ይፈጅባታል። ስለ መርፌው ጻፈች፣ ስለ ክምሩ ጻፈች፣ ስለ ዘበኞቹና ስለ መስኮቱ ጻፈች። ልጅቷ ሰምታው የማታውቀውን የሳቂታን እውነተኛ ስም ከነአባቷና ከነአያቷ አሰፈረች። ከሥሩ ቁጥር ሦስት ሳይሆን የራሷን ሙሉ ስም ጻፈች፤ ቀኑን አከለች፤ ፈረመች። በመጨረሻም የእስክሪብቶውን ጫፍ የማይታጠፈው ጣቷ ላይ ሰማያዊ እስኪሆን አሻሽታ ከፊርማው አጠገብ ተጫነችው።

«ሰነድ የለም አልሽ። ይኸው። ቀን አለው፣ ፊርማ አለው፣ ማህተምም አለው።»

ልጅቷ አነበበች። ስትጨርስ ወደ አክስቷ ቀና አለች።

«ይህን ካስገባሁ ዘጠነኛው ገጽ ውሸት ነው ማለት ነው። ሽልማቱን ይነጥቁኛል።»

«ካላስገባሽውም ፊርማዬ የለሽም። ወረቀቱ አንድ ነው፤ ሌላ አልፈርምልሽም።»

«አክስቴ፣ እኔ እኮ ልጅሽ ነኝ።»

«ባትሆኚማ መች እንዲህ ያንገበግበኝ ነበር? የታሪክ ተማሪ አይደለሽ? እስከ ነገ ስድስት ሰዓት አስቢበት።»

ልጅቷ ወረቀቱን ሳታጥፍ ደብተሯ መሀል አስገባችና ወጣች። አክስቲቱ ሁልጊዜ እስከ ውጭ በር ትሸኛት ነበር፤ ዛሬ አልተነሳችም። ጣቷ ሰማያዊ እንደሆነ ጭኗ ላይ አስቀምጣ በሩን ታያለች። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው እድፍ ስታስለቅቅ የኖረች ሴት፣ ያን ቀለም ልታጥበው አልሞከረችም።