የአልኮሉ ቁም ሳጥን

የወሊድ ክፍሉ ኃላፊ ነርስ ከኋላዋ «ካዝና» ትባላለች። ቅጽል ስሙን ታውቀዋለች፤ አትከፋበትም። የቧንቧው ውሃ ረፋድ ላይ ስለሚጠፋ የክፍሉ ሠራተኞች ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ሲያልፉ እጃቸውን የሚያጸዱት በአልኮል ነበር። አልኮሉ ግን ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ቁጥር ከነመስቀያው ይጠፋል። ስለዚህ ጠርሙሶቹን የብረት ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችባቸው፤ ቁልፉን ደግሞ ጋውኗ ኪስ ውስጥ በመርፌ ቁልፍ አያያዘችው። የፈለገ ይጠይቃታል። መጀመሪያ ሰሞን ይጠይቋት ነበር፤ እያደር የሚጠይቃት ጠፋ። እሷ ሰዉ ቁጠባ የለመደ መሰላት። በቆጠራ ጊዜም ክፍሏ ይመሰገን ነበር።

ታናሽ እህቷ የመጀመሪያ ልጇን በኦፕራሲዮን የወለደችው እዚሁ ነው። ኃላፊዋ በመስኮቱ በኩል ያለውን አልጋ መርጣ አንሶላውን ራሷ አነጠፈችላት።

ቀናት አልፈው እህቷን ትኩሳት ጀመራት። ቁስሉ መግል ቋጠረ። መድኃኒት ቢቀየርም አልሰማ አለ። ለሁለተኛ ጊዜ ኦፕራሲዮን ክፍል አስገቧት። ሐኪሙ ሲወጣ ጭምብሉን አወረደና፣ «እሷ ተርፋለች» አለ። «ማህፀኗን ግን ማትረፍ አልቻልንም።»

ኃላፊዋ ቁስል አጣቢውን ለብቻው ጠራችው።

«የእህቴን ቁስል ከማን ቀጥለህ ነው ያጠብከው?»

«ከጥግ አልጋዋ።»

የጥግ አልጋዋ ሴትዮ ቁስል ቀድሞ የመገለ ነበር።

«እጅህንስ?»

«ጓንት ቀይሬያለሁ፣ ሲስተር። እጄን ግን...» ቁም ሳጥኑን አየ። «እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ።»

ስብሰባው ስለ ንብረት አያያዝ ነበር።

ሐኪሙ ኢንፌክሽኑ በየትኛው እጅ እንደመጣ ማረጋገጥ እንደማይቻል ነግሯታል። ልክ ነው፤ ሲያስተምሯትም እንዲሁ ብለዋታል። ቢሆንም ቁም ሳጥኑን ከፈተችው። ጠርሙሶቹ እንደደረደረቻቸው ናቸው። የፊተኞቹ መጠቀሚያ ጊዜያቸው አልፏል። ደህናዎቹን ለይታ በየአልጋው ግርጌ ሰቀለች። በማግስቱ ጥቂቶቹ አልነበሩም። በቦታቸው ሌላ ሰቀለች።

እህቷ ከመውጣቷ በፊት ጠራቻት።

«እትዬ፣ ምነው ፊቴን አታዪውም?»

ኃላፊዋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ያን ቀን የአልኮሉ ቁልፍ እኔ ኪስ ውስጥ ነበር። እጁን ሳያጸዳ ነው ቁስልሽን የነካው።»

«አውቃለሁ።»

«ማን ነገረሽ?»

«እኔው ነኛ የመለስኩት። ‹አልኮሉ ተቆልፏል፣ እህትሽን ላስጠራት?› አለኝ። ‹ተወው ባክህ፣ ካዝናን ከስብሰባ አስወጥተህ ቁጣዋን ማን ሊችለው ነው› አልኩት።» አንሶላውን በጣቷ ትቆነጥር ጀመር። «ሳቅንብሽ እኮ።»

ኃላፊዋ ሠራተኛው ሁሉ እሷን መጥራት ያን ያህል እንደሚከብደው አስባው አታውቅም።

ሕፃኑ አለቀሰ። እህቷ ልታነሳው ጎንበስ ስትል ጎኗን ያዛት።

«አንሺልኝ እስቲ።»

ኃላፊዋ እጇን ዘርግታ መለሰችው። ከአልጋው ግርጌ ጠርሙሱን አውርዳ መዳፏን፣ የእጇን ጀርባ፣ በጣቶቿ መሀል፣ አውራ ጣቶቿን አሸች። ሕፃኑ ጩኸቱን አበረታ።

«መጣሁ፣ መጣሁ» አለች እየተጣደፈች።

«ቀስ በይ» አለች እህቷ። «በደንብ ይድረቅ። ከእሱ ሌላ የለኝም።»