ውሃ ቢገባ እጠጣዋለሁ

የመሬት ቀያሹ በሩን አልፎ ሲገባ አንዱ እግሩ ጭቅ አለ።

ለቅሶ ቤቱ በሰው ቢሞላም የሟቹ ልጅ ሰማችው። ሦስት ቀን ሙሉ ሻይ ስታቀርብ የሁሉንም ኮቴ ለይታ አውቃለች። ቀያሹ ከዝናቡ ቀጥ ብሎ ነው የመጣው። ለእናቷ ጎንበስ ብሎ "ያጽናሽ" አለና ጥግ ይዞ ተቀመጠ፤ እግሮቹን ወንበሩ ሥር ደበቀ።

የተጫማው ቡናማ የቆዳ ቦት አባቷ የሠራው የመጨረሻው ጫማ ነበር። ለከተማም ለኮረብታም የሚሆን፣ ዝናብ የማይፈራ። አባቷ የሱቁ መስኮት ላይ "ውሃ ቢገባ እጠጣዋለሁ" የሚል ካርቶን ከለጠፈ ሃያ ዓመት አልፎታል። ማንም አላስጠጣውም። ቀያሹ ግን ተስፋ አይቆርጥም ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር ሆን ብሎ ጅረት ውስጥ ይቆምና ሱቁ በር ላይ መጥቶ ካልሲውን ያሳያል።

"ደረቅ ነው፣ አንተ ሰውዬ!"

"በውሃ ጥም ልትገድለኝ ነው!" ይላል አባቷ፣ ወስፌውን ሳያስቀምጥ።

በመጨረሻው ዓመት የአባቷ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የዚህን ጫማ ቀኝ እግር እንደምንም ራሱ ሰፋ። ግራውን፣ ከትምህርት ስትመለስ፣ ከሱቁ መጋረጃ ጀርባ ሆና በሰም በታሸ ክር እሷ ሰፋችው። አገላብጦ አየውና "ሰሙ በዝቷል" አለ። ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

አሁን ትሪውን እንደያዘች ቆማለች። ውሃ ያስገባው ግራው ከሆነ የአባቷን ቃል ያጠፋችው እሷ ናት።

ወደ ቀያሹ ጠጋ አለች። "ጋሼ፣ የትኛው እግርዎ ነው?"

"ኧረ ምንም አይደል። ላብ ነው።"

"ላብ ይጮኻል?"

አክስቷ ሰማች። "ውሃ ገባ እንዴ?"

ሁሉም ወደ ቀያሹ እግር ዞረ። ካርቶኑን የማያውቅ አልነበረም።

"ልደብቀው ነበር እኮ" አለ ቀያሹ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። "ሃያ ዓመት ስመኘው ኖሬ ዛሬ ገባ። አሁን ለማን ሄጄ ልንገረው?"

"ለእኔ" አለች።

ጎንበስ ብሎ ማሰሪያዎቹን ፈታ። መጀመሪያ ግራውን ተቀብላ እጇን ሰደደች። ደረቅ ነው፣ ሙቀቱ እንኳን አልለቀቀውም። ቀኙን ስታዘነብለው አንድ ጉንጭ የማይሞላ ቡናማ ውሃ ወረደ። በባዶ የሻይ ብርጭቆ ተቀበለችው።

"ልጄ! የሰው እግር የነበረበት እኮ ነው!" አለች እናቷ።

"አባዬ ቃል ገብቷል።"

ጠጣችው። ሁሉም አፏን ያያሉ።

"እንዴት ነው?" አለ ቀያሹ በሹክሹክታ።

ልክ እንደ አባቷ ቅንድቧን ሰቀል አድርጋ አሰበች።

"ሰሙ በዝቷል።"

እናቷ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች፤ በሦስት ቀን ውስጥ የመጀመሪያዋ ነበር። አክስቷ ተከተለች፣ ከዚያ ቤቱ በሙሉ። ቀያሹ በካልሲው ቆሞ ጉልበቱን እየመታ፣ "እሱ ቢሆን በስኳር ነበር የሚጠጣው!" አለ።

ልጅቷ ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ አባቷ እንዳሳያት፣ ቀኙ ጫማ ውስጥ ጋዜጣ ጎሰጎሰች። ጎኑ ላይ ክሩ የዘለላትን አንዲት የወስፌ ቀዳዳ አገኘች። አውራ ጣቷን አሳረፈችባት፤ ሳቁ እስኪበርድ ድረስም አላነሳችውም።