የልብስ ሰፊው የራሱ ልክ

ልብስ ሰፊው ሠላሳ ሁለት ዓመት ስፌት መኪና ላይ ተደፍቶ ከመኖሩ የተነሣ አንገቱ ከሰውነቱ ቀድሞ ቤት ይገባል። ደንበኞቹ «ጎንበስ» ሲሉት አብሯቸው ይስቅ ነበር። ሳቁ የጠፋው የቀኝ እጁ ጣቶች የደነዘዙ ጊዜ ነው። ሐኪሙ ነገሩን አላድበሰበሰም፤ አንገቱ ላይ አጥንት ነርቭ ተጭኖበታል፣ ስድስት ሳምንት ፊዚዮቴራፒ ይሞክር፣ ካልሆነ ቀዶ ሕክምና ነው አለ። ከዚያስ በኋላ እጁ መቀስ ይይዛል? ለዚህ ማንም ቃል አልገባለትም። ሰውዬው ደግሞ ከመቀስ ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ልጅ እግር ናት፤ ነጭ ጋዋኗን የሰፋላትም እሱ ነው። ተረከዙንና ጀርባውን ግድግዳ ታስይዘውና «አገጭዎን ሳያነሡ ራስዎን ወደ ኋላ ይሳቡ» ትለዋለች። ከዚያ በጭንቅላቱና በግድግዳው መሃል የቀረውን ክፍተት በማስመሪያ ትለካለች። የመጀመሪያው ቀን ዘጠኝ ሳንቲሜትር ሆነ። በየግማሽ ሰዓቱ ከመኪናው ተነሥቶ የሚሠራውን እንቅስቃሴም አሳየችው።

እሱ ግን እንቅስቃሴውን ትቶ ቁጥሯን ያዘ። ሱቁ ውስጥ፣ ከበሩ ጀርባ በራሱ ሜትር ሲሞክር፣ አገጩን ትንሽ ቀና ካደረገ ጭንቅላቱ ግድግዳውን ሊነካ እንደሚደርስ አወቀ። አገጩ እንዳይታይበትም ኮሌታው ረዘም ያለ ሸሚዝ ለራሱ ሰፋ። እስቲ አሁን ይሄ የጤነኛ ሰው ሥራ ነው? ግን የቀዶ ሕክምናውን ቢላ ይፈራል። ቁጥሩ በየቀጠሮው ሰባት፣ አምስት፣ ሦስት እያለ ወረደ። ድንዛዜው ግን ከጣቱ ወደ መዳፉ፣ ከመዳፉ ወደ ክንዱ ወጣ። ለሚስቱ እንኳ ትንፍሽ አላለም።

በመጨረሻው ቀን ሚስቱ አብራው መጣች። ኮሌታውን አስተካክሎ ግድግዳውን ተደገፈ። ሜትሩ እንደ ልማዱ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ሁለት» አለች ባለሙያዋ።

«እሰይ!» አለች ሚስት።

ባለሙያዋ ግን ፊቷ አልተፈታም። «ጣቶችዎስ?»

«ደህና ናቸው።»

«እዚያው ይቆዩ፣ ጋሼ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ይቺን ጋዋን ሲለኩኝ ሆዴን ስቤ ነበር። እንዴት ልክ መጣችልኝ?»

ስለ ሥራው ሲጠይቁት ልቡ ይሞቃል። «ልጄ፣ ሰው ሜትር ሲያይ ሌላ ሰው ይሆናል! ደረቱን ይነፋል፣ ሆዱን ይስባል። ታዲያ እኔ ዝም ብዬ ወሬ አስይዘዋለሁ። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ጎረቤቱ... ሲረሳው ያን ጊዜ ላፍ አድርጌ እለካዋለሁ።»

«አሥራ አንድ» አለች ባለሙያዋ ከጆሮው ሥር፣ ማስመሪያዋን ይዛ።

ባለሙያዋ የኮሌታውን ቁልፍ ፈታች፤ አገጩን በሁለት ጣቷ ያዘችና «አሁን ይሳቡ» አለችው። ደም ሥሩ እስኪገተር ሳበ።

«ዘጠኝ። እንደ መጀመሪያው ቀን።» ከጋዋኗ ላይ መርፌ ቁልፍ ነቅላ በቀኝ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። «ይያዟት እስቲ።»

ያዛት። ጣቶቹን ገጠመ፣ እንደያዛትም እርግጠኛ ነበር። መርፌ ቁልፏ ወለሉ ላይ ስትንቃጨል የሰማችው ሚስቱ ናት።

«ወድቃለች እኮ» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ገባት። «ለእኔም? እኔንም ሸወድከኝ?»

«ፈራሁ» አለ። «እጄን አጥቼ አንቺ ፊት መቀመጥ ፈራሁ።»

ባለሙያዋ አልማረችውም። «አገጭዎን ባነሡ ቁጥር ያንኑ ነርቭ ሲጫኑት ነው የከረሙት። ሐኪሙን አራት ሳምንት እንዲጨምርልዎት ልለምን እችላለሁ። እሺ ይበል አይበል አላውቅም። እሺ ቢልም እጅዎ መመለሱን አላውቅም።»

ልብስ ሰፊው ሠላሳ ሁለት ዓመት አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን ሜትር በግራ እጁ አውልቆ ለሚስቱ ሰጣት።

«አንቺ ለኪኝ» አላት። «መቼ እንደምትለኪኝ ግን እንዳትነግሪኝ።»