ባሕሩን በባልዲ

በሽታው ሳይጥለው በፊት ሰውየው ፀጉር አስተካካይ ነበር፤ አፉ ከመቀሱ የፈጠነ። ደንበኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ አንገቱ ላይ ጨርቅ እስኪታሰርለት ድረስ የሰፈሩን ወሬ ጠጥቶ ይጨርሳል። ፀጉር የሌላቸው እንኳ ለጨዋታው ብለው ጎራ ይሉ ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው ነው አንድ ቀን ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ ግማሽ ጎኑን መትቶ የጣለው። ከሆስፒታል ሲወጣ ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አልታዘዝ ብለውት ነበር። ከዚያ ሁሉ ጨዋታም አንዲት ቃል ብቻ ቀረችው፤ "እሺ"።

ውሃ ሲጠማው "እሺ" ይላል። ሲያመው "እሺ"። እምቢ ማለት ሲፈልግም ከአፉ የሚወጣው ያው "እሺ" ነው። ይህ እንዴት እንደሚያንገበግበው የምታውቀው ሚስቱ ብቻ ናት። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሳሎኑ ጥግ በስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ ስትውል ዓይኗ ከጨርቁ ላይ ሳይነሳ ጆሮዋ እሱ ጋ ነው። ረዘም ያለው የመሰልቸት፣ ቆረጥ ያለው የሽንት፣ ጎላ ያለው የእምቢታ እያለች የአንዲቷን ቃል ዜማ ለየች። ሰው ሲጠይቃት "እኔና እሱ ተግባብተናል" ትላለች፤ ትኮራበትም ነበር።

ሳሎኑ ውስጥ አንዱን ግድግዳ ይዞ የቆመ የመስታወት ገንዳ አለ፤ የባሕር ዓሦች የሚኖሩበት። ጤነኛ ሳለ ነው የጀመረው። ያኔ እሷ፣ "ሰው ጨው ምግቡ ላይ ነስነስ ያደርጋል፣ የኔው ጉድ በባልዲ ይበጠብጣል" እያለች ታሾፍበት ነበር። ነጭ መቀነት የታጠቁትን ሁለቱን ብርቱካናማ ዓሦች "ሙሽሮቹ" ይላቸዋል። እንደ ሳህን ጠፍጣፋውን፣ ከድንጋዩ ሥር ሆኖ መጪ ሂያጁን የሚገላምጠውን ቢጫ ደግሞ "ዳኛው"።

ከታመመ በኋላ የቀሩት እነሱ ነበሩ። እጅና እግሩን ልታሠራው የምትመጣው ባለሙያ ስትለምነው ፊቱን ያዞርባታል። የዓሦቹ የምግብ ሰዓት ሲደርስ ግን ማንም ሳይቀሰቅሰው ወንበሩን ተደግፎ ይነሳል፤ በግራ እጁ ቆንጠር አድርጎ ይበትንላቸዋል። ሙሽሮቹ ተሻምተው ሲወጡ ግማሽ ፊቱ ይስቃል። ሚስቱ ያን ግማሽ ሳቅ ለማየት የስፌት መኪናዋን ታቆማለች።

ታዲያ አከራያቸው ልጃቸውን ሊድሩ ሆነና ቤቱን ለቃችሁ ስጡኝ አሉ። ብዙ ተንከራትታ ያገኘችው ቤት አሳንሰር የሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ዓሦቹን ለሸጠላቸው ዓሣ ሻጭ ደውላ ምክር ጠየቀች፤ ውሃውን አትድፉት፣ ድንጋዮቹ እንዳይደርቁ፣ ዓሦቹ እንዳይበርዳቸው አላት። ገንዳው ሥር ስለተነጠፈው አሸዋ ግን እሷም አልጠየቀች፣ እሱም አላነሳ። አሸዋ ምን አለው?

ዕቃ የሚጭነው መኪና ነገር ለታናሽ ወንድሟ ተጣለ። ወንድሟ የሕዝብ ማመላለሻ ሹፌር ነው፤ ነገር ሁሉ ስለሚያጣድፈው ዘመድ አዝማዱ "ጥድፊያ" ነው የሚለው። የሰው ፒካፕ ለምኖ ይዞ መጣ፤ አመሻሽ ላይ መመለስ አለበት። ልብ የሚያደርቅ ቀን ነበር። ውሃውን በጎማ እየሳቡ በጀሪካን ሞሉት፤ ዓሦቹን ክዳን ባለው ባልዲ ውስጥ አደረጉ፤ አሸዋውን በአካፋ እየዛቁ ሁለት ባልዲ አስገቡት። ባሏ እስከዚያ ደጅ ፒካፑ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃቸው ነበር።

አዲሱ ቤት ሲደርሱ ጥድፊያና የሕንፃው ዘበኛ ባሏን ከነወንበሩ ተሸክመው አወጡት። ከዚያ ገንዳው ወጣ፤ ከዚያ ጀሪካኖቹ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ጥድፊያ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ አለና የያዛቸውን ሁለት ጀሪካኖች ልብስ መታጠቢያ ቦታው ላይ ደፋቸው።

"ምነው?" አለች።

"እታለም፣ ይሄ ባሕር ነው እንጂ ውሃ አይደለም፤ ወገቤ ተቀነጠሰ። የቀረው መች አነሰ?"

ልትቆጣው አሰበች፤ ግን እሱም ባይኖር ማን ነበራት?

ገንዳው በቦታው ቆመ። ጥድፊያ የመጀመሪያውን የአሸዋ ባልዲ ክዳን ሲያነሳ የገማ እንቁላል ሽታ ክፍሉን ሞላው። አሸዋው ከላይ ነጭ ነው፤ ሲዛቅ ተገልብጦ የወጣው የታችኛው ግን ጥላሸት የመሰለ ነበር። ይኼኔ ባሏ ወንበሩ ላይ ተንቀጠቀጠ።

"እሺ! እሺ! እሺ!"

"ይኸው ጋሼም እሺ ብለዋል!" አለ ጥድፊያ እየሳቀ፣ ባልዲውን ከፍ አድርጎ።

እሷ የስፌት መኪናዋን ራስ ታቅፋ በር ላይ ቆማ ነበር። ድምፁ ቆረጥ ያለ መሰላት፤ ከጠዋት ጀምሮ ሽንት ቤት አለመውሰዷ ትዝ አላት። መኪናውን አስቀምጣ ብብቱን ያዘችው። በግራ እጁ ገፋት። ግድግዳውን በጡጫው ደበደበው፤ ወደ ገንዳው ጠቆመ፤ "እሺ! እሺ!" አለ ምራቁ አገጩ ላይ እየወረደ።

"አውቃለሁ፣ ዓሦችህ ደህና ናቸው! በናትህ ዛሬ እንኳ ተወኝ!" ብላ ጮኸችበት። ታሞ ከተኛ ጀምሮ እንዲህ ጮኻበት አታውቅም። እየጎተተች ሽንት ቤት ወሰደችው። ምንም አልሸናም። ተመልሰው ሲመጡ አሸዋው ገብቷል፣ ውሃው ተሞልቷል፣ ጥድፊያ ዓሦቹን ለቋቸው እጁን እያራገፈ ነበር። ውሃው እንደ ወተት ደፍርሷል።

"ይጠራል" አለ ጥድፊያ፤ ቁልፉን አንስቶ ወጣ።

ባሏ ከዚያ በኋላ አልጮኸም። ወንበሩን ወደ መስታወቱ አስጠግታለት ዓሦቹን ያይ ጀመር። ዕቃ ስትፈታ ቆይታ ቀና ብትል ሙሽሮቹ ከላይ ተንሳፍፈው አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ዳኛው በጎኑ ተጋድሟል። ስልኩን አንስታ ዓሣ ሻጩ ጋ ደወለች።

"አሸዋውን አጥባችሁታል?" አለ ሰውየው።

"እንዳለ ነው የገባው።"

"ጥቁር ነበረው? ይሸት ነበር?"

"ነበረው፤ ይሸትም ነበር።"

"እመቤቴ፣ እሱ እኮ የዓመታት ቆሻሻ ነው፤ ከሥር ተኝቶ ሲኖር አይጎዳም፣ ሲገለበጥ ግን መርዝ ነው። ቶሎ አውጥታችሁ ያልተነካ የጨው ውሃ ውስጥ ክተቷቸው። ባለቤትዎ እንዴት ዝም አሉ? እሳቸው እኮ ይህን ያውቃሉ!"

ያልተነካው ውሃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተደፍቷል። አንዱ ጀሪካን ሥር የቀረችውን ጥቂት ውሃ ባልዲ ውስጥ አንቆርቁራ ዓሦቹን በማጥለያ እየለቀመች ከተተቻቸው፤ አየር መንፊያውን ሰካችላቸው፤ ባልዲውን በፎጣ ጠቀለለች፤ ተንበርክካ "እባካችሁ፣ እባካችሁ" አለች። ዳኛው ገና ስታነሳው አብቅቶለት ነበር። አንደኛው ሙሽራ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሄደ። ሌላኛው እስከ ማግስቱ አደረና እሱም ሆዱን ወደ ላይ አዞረ።

በባሏ ፊት ቁጢጥ አለች።

"ስለ አሸዋው ነበር አይደል? እኔ ደግሞ ሽንት... እኔ የሰማሁህ መስሎኝ..."

ዓይኑን ጨፈነ። እንዲቆጣት ፈለገች፤ በዚያ ደህና እጁ ቢመታት እንኳ በወደደች። እሱ ግን እጁን ጭኑ ላይ እንዳጋደመው ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ከአልጋ መነሳት ተወ። ባለሙያዋ አራቱን ፎቅ ወጥታ መጥታ "ኧረ ጋሼ፣ ትንሽ እንኳ ያግዙኝ" ብትል ክንዱን እንደ ሰው ዕቃ አበደራት፤ ስትለቀው ይወድቃል። ምግብ ካጎረሱት ያኝካል። ያቺ አንዲት ቃሉም ጠፋች። ውሃ ጠማህ? ዝም። ልገልብጥህ? ዝም። ልብስ ሰፊዋ መኪናዋን እያቆመች ታዳምጣለች፤ ምንም የለም።

ጥድፊያ አዲስ ዓሦች ላምጣ ብሎ መጣ፤ ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ የሆነውን ሰምቷል። እሷ ወደ አልጋው አየችና ራሷን ነቀነቀች። ስለዚህ ገንዳውን ራቁቱን ተሸክመው ወረዱ፤ እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ። አንድ የሚያውቀው ጫማ ሻጭ መደርደሪያ ሊያደርገው ይፈልጋል። ፒካፑ ላይ ሲያስሩት ጥድፊያ "እታለም፣ እኔ እኮ..." አለ፣ ገመዱን እያጠበቀ።

"ሂድ፣ ባለመኪናው ይጠብቅሃል" አለችው።

ደረጃውን ስትወጣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። የታጠበ ልብስ የያዘች ጎረቤት ከላይ ወረደች፤ እንዳትረግጣት ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ።

"አዲሷ ተከራይ ነሽ አይደል? አሞሽ ነው እንዴ?"

"አይ፣ ደረጃው ነው።"

"ይለመዳል" አለች ጎረቤቷ፣ እየወረደች።

ልብስ ሰፊዋ እዚያው ቆየች። ከላይ የሚጠራት ድምፅ የለም፤ ባትሄድም የሚጠራት የለም። መድኃኒቱን የምትሰጥበት ሰዓት ሲደርስ የደረጃውን ብረት ይዛ ተነሳች።