የአባ ሹልክ ልጅ

«ጡሩምባ እንኳ አይነፋም ነበር» አለ ትኬት ቆራጩ፣ የሻይ ብርጭቆውን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ። «ሃያ ዓመት አብሬው ሠርቼ ሁለቴ እኔኑ መናኸሪያ ጥሎኝ ሄዷል። አውቶቡሱን በታክሲ አባርሬ ደረስኩና ‹ምነው ጋሼ?› ብለው፣ ‹ሰዓት ደርሷል› ብሎኝ ዐረፈው።»

ለቀስተኛው ሳቀ። ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ያለው አፉን በመዳፉ ከደነ። ግን ምን ይደረግ፣ ሟቹ ሾፌር በሰፈሩ የሚታወቀው «አባ ሹልክ» በሚል ስም ነው። ሰርግ ቢጠራ ኬኩ ሳይቆረስ የለም። በገዛ ቤቱ እንኳ እንግዳ ልሂድ ብሎ ሲነሳ ቀድሞ የሚጠፋው እሱ ነው። ሞቱም ያው ሆነ፤ የዛሬ ሦስት ቀን ልጁ ፋርማሲስቷ ሻይ ልታመጣለት ጓዳ ገብታ ስትመለስ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሹልክ ብሎ ነበር።

ፋርማሲስቷ ከሰዉ ጋር እየሳቀች እንባዋ መጣ። ቀሚሷን የአራት ዓመት ልጇ ጨብጣለች። ይቺን ደግሞ «ሙጫ» ይሏታል፤ እናቷ ሽንት ቤት ስትገባ በሩ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች።

ፋርማሲስቷ በአሥራ ስምንት ዓመቷ ለትምህርት ስትሄድ አባቷ ሻንጣዋን ተሸክሞ መናኸሪያ ድረስ መጣ። «ውሃ ልግዛልሽ» ብሎ ሄደ። ውሃውን ያመጣላት ትኬት ቆራጩ ነው። አባቴ አይወደኝም ብላ ደመደመች፤ ውሃውን ሳትከፍት መንገዱን ሙሉ አለቀሰች።

ጓዳ ውስጥ ብርጭቆ ሲያጥቡ ይህንኑ ለአክስቷ፣ ለሟቹ ታላቅ እህት፣ አነሳችላቸው።

«እኔንስ መቼ ሸኘኝ» አሉ አክስት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የሰርጌ ቀን አልጋ ስር ነው የተገኘው። አባታችን ግንበኛ ነበር። አንድ ጠዋት ሁለታችንንም ስሞን ‹ደህና ዋሉ› ብሎ ወጣ፤ ግድግዳ ተናደበት። ወንድሜ ያኔ ስድስት ዓመቱ ነው። ደህና ዋሉ ያለ ሰው አይመለስም ብሎ ያዘ። ብንመክረው፣ ብንቆጣው፣ ወይ ፍንክች።»

«እኔ ደግሞ ስለማይወደኝ መስሎኝ…»

«አንቺ ሞኝ፣ እንዳትሞችበት ነው እንጂ።»

ፋርማሲስቷ ብርጭቆውን እንደያዘች ቀረች። በአባቷ ለቅሶ ደስ አላት፤ ስንት ዓመት የተሸከመችው ነገር ከላይዋ ወረደላት።

አክስት ግን አልጨረሱም። «አንቺስ? በየጠዋቱ ለልጅቷ ቴሌቪዥን ከፍተሽ፣ ጫማሽን በእጅሽ ይዘሽ የምትወጪው? እሱ እንኳ ጫማ አድርጎ ነበር። ይቺ ልጅ ለምን የምትጣበቅብሽ ይመስልሻል? ዞር ባለች ቁጥር እናቷ ትጠፋባታለች።»

«እንዳታለቅስ ብዬ ነው።»

«ነው?» አሉ አክስት፣ ብርጭቆውን ከእጇ እየተቀበሉ።

በማግስቱ ሥራ መግባት ነበረባት። እንደ ልማዷ ጫማዋን አንጠልጥላ በሩ ጋ ደረሰች፤ ቆመች። ከዚያ አጠለቀችውና ቋ ቋ እያደረገች ተመለሰች። ልጇ ዳቦዋ ላይ ማር እየቀባች ነበር። ተንበረከከችላት። የማታውቀው አያቷ ከነግድግዳው ፊቷ ላይ ድቅን አለ።

«እኔ ሥራ ልሄድ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እመጣለሁ። ደህና ዋይ የኔ ቆንጆ።»

ልጅቷ የእናቷን ቀሚስ ጨበጠች። ፊቷን ትኩር ብላ አየቻት። ከዚያ ለቀቀቻትና «እሺ፣ ሂጂያ» ብላ ወደ ማሯ ዞረች።

ፋርማሲስቷ በሩ ጋ ደርሳ ተመልሳ ሳመቻት። ደግማ ተመልሳ ሳመቻት። በሦስተኛው አክስት «ልጅቷ በሰላም ትብላ እንጂ፤ ለካ ሙጫዋ አንቺ ነሽ» አሉ፤ ሦስቱም ሳቁ።

በሩ ጀርባ የአባቷ የሾፌር ኮፍያ ተሰቅሏል። አወረደችው፣ በእጅጌዋ ጠረገችው፣ መልሳ ሰቀለችው።

«አባዬ፣ ሥራ ልሄድ ነው» አለችው። «ደህና ሁን።»

ከዚያ በሩን ውስጥ ድረስ እንዲሰማ አድርጋ ዘጋችው።